ግዙፉ ውሻ ጥሬ ሥጋውን፣ ባለቤቱ ሂሳቡን

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ተረቱ። በግቢው ውስጥ ግሬት ዴን ወይም ማስቲፍ የተባለውን ግዙፍ ዝርያ የሚያሳድር ሰው ግን ከጩኸቱ ይልቅ የሚያሳስበው መብሉ ነው። በተለይም «ውሻ ሥጋ በል ነውና ጥሬ ሥጋ ብቻ ስጡት፣ ዕድሜ ልኩን ጤነኛ ይሆናል» የሚለውን ምክር ሰምቶ ወደ ሥጋ ቤት ያቀና እንደሆነ፣ አስቀድሞ እርሳስና ወረቀት ቢይዝ ይሻለዋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የጥሬ መኖ ሻጮች ለደንበኞቻቸው የሚነግሩት የተለመደ ልክ ለአንድ አዋቂ ውሻ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 3 እጅ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ከ1 ኪሎ ከ200 ግራም እስከ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ይሆናል። መካከለኛው ቢያዝ በቀን ኪሎ ተኩል፣ በወር 45 ኪሎ፣ በዓመት ከአምስት ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። ብዙ ቤተሰብ በዓመት ይህን ያህል ሥጋ ወደ ቤቱ አያስገባም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ወጪ የሚያወጣ ሰው ምን እየገዛ ነው? መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ዕድሜ። ትንንሾቹ የውሻ ዝርያዎች እስከ 15 ዓመት ሲኖሩ ግሬት ዴን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ብቻ ይኖራል። ገና ከቤተሰቡ ጋር ተላመደ ሲባል መገጣጠሚያው ይታመማል፣ ልቡ ይደክማል። ለዚህ ነው «ዕድሜ ያረዝማል» የተባለ ነገር ሁሉ በግዙፍ ውሻ ባለቤቶች ዘንድ ገዢ የሚያገኘው።

ከብስኩት ወደ አጥንት

የውሻ ምግብ ንግድ የተጀመረው በሥጋ ሳይሆን በብስኩት ነው። ጄምስ ስፕራት የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለንደን ውስጥ ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከሥጋ የተጋገረ የውሻ ብስኩት ለገበያ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1922 በቆርቆሮ የታሸገ የፈረስ ሥጋ በአሜሪካ ለውሾች መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ራልስተን ፑሪና የተባለው ኩባንያ በሙቀትና በግፊት የሚዘጋጀውን ደረቅ መኖ አወጣ። በከረጢት የሚቀመጥ፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ በመሆኑ ገበያውን ጠቀለለው። የዘርፉ ዋጋ ምን ያህል እንደደረሰ ለማወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ኔስሌ ይህንኑ ኩባንያ በ10.3 ቢሊዮን ዶላር መግዛቱን ማስታወስ ይበቃል።

በዚህ መሃል ነው ኢያን ቢሊንግኸርስት የተባሉ አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 «ለውሻህ አጥንት ስጠው» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት። የፋብሪካ መኖ ይቅር፣ ውሻ እንደ አያቶቹ ጥሬ ሥጋና ሥጋ ያልተለየው አጥንት ይብላ የሚል ነው ሐሳባቸው። መጽሐፉ ተከታዮችን አፈራ፤ ተከታዮቹም ገበያ ፈጠሩ። ዛሬ በእንግሊዝ አገር 80 እጅ ሥጋ፣ 10 እጅ አጥንት፣ 10 እጅ የሆድ ዕቃ ሆኖ ተፈጭቶ የቀዘቀዘ መኖ በየሱቁ ይሸጣል።

ደጋፊዎቹ የሚያነሱት ማስረጃ ተኩላን ነው። የውሻ አያት ተኩላ መሆኑ እርግጥ ነው። ይሁንና የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ ከእህል የሚገኘውን ስታርች የሚፈጭበት የዘር ቅንጣት ከተኩላው በብዙ እጥፍ እንደበዛለት አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር፣ ውሻ የሰው ፍርፋሪ መብላትን በደሙ የለመደ እንስሳ ነው።

ኪሎ ከኪሎ አይወዳደርም

ገዢን የሚያሳስተው አንዱ ነገር የኪሎ ዋጋን ማነጻጸር ነው። ጥሬ ሥጋ ከግማሽ በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ውኃ ነው። ደረቅ መኖ ግን ከመቶ 10 እጅ ገደማ ብቻ ውኃ ይይዛል። ስለዚህ 60 ኪሎ ውሻ የሚፈልገውን በቀን 2,400 ያህል ካሎሪ ለማግኘት ኪሎ ተኩል ጥሬ መኖ ሲያስፈልገው፣ በደረቁ ግን ከ700 ግራም ባነሰ ይጠናቀቃል። በሂሳብ ቋንቋ፣ ጥሬው መኖ በወጪ ከደረቁ ጋር እኩል የሚሆነው አንድ ኪሎው ከደረቁ ኪሎ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ሲገኝ ነው።

በለንደን ይህ አንዳንዴ ይሳካል። ምክንያቱም ጨጓራ፣ ሳንባ፣ የዶሮ አንገትና የመሳሰለው ሰው የማይፈልገው ተረፈ ምርት በመሆኑ ነው። የጥሬ መኖ ንግድ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ቄራው ለማስወገድ ገንዘብ ሊከፍልበት ይችል የነበረው ነገር በማሸጊያ ሲገባ ዋጋ ያወጣል።

በአዲስ አበባ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ጨጓራና ጉበት የዱለት ናቸው። አጥንቱ የቅቅል፣ መቅኔውም የሰው ነው። ውሻው የሚሻማው ከሌላ ውሻ ጋር ሳይሆን ከባለ ምግብ ቤቱ ጋር ነው። ከዚህም ሌላ ሁዳዴ ሲገባ ብዙ ልኳንዳ ቤት ለ55 ቀን ይዘጋል። ውሻ ደግሞ አይጾምም። በሥጋ ብቻ ሊያሳድር ያሰበ ሰው ወይ ሰፊ ማቀዝቀዣ፣ ወይ በጾም የማይዘጋ የሥጋ ቤት ደንበኝነት ያስፈልገዋል።

የቡችላው አጥንት

ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራው ስህተት የሚሠራው ውሻው ቡችላ ሳለ ነው። ሲወለድ ኪሎ የማይሞላው የግሬት ዴን ቡችላ በዓመቱ ከ45 ኪሎ ያልፋል። ይህን ያህል በፍጥነት የሚያድግ አጥንት ካልሲየም ሲጎድልበትም ሲበዛበትም ይበላሻል።

አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ የሞላበት፣ ካልሲየም ግን የሌለበት ያህል ነው። በበሬ ሥጋ ውስጥ ለአንድ እጅ ካልሲየም እስከ 20 እጅ ፎስፈረስ ይገኛል፤ ቡችላው የሚፈልገው ግን ሁለቱን ተቀራራቢ በሆነ መጠን፣ ካልሲየሙን እንዲያውም በጥቂቱ አስበልጦ ነው። «ምርጥ ምርጡን» እያለ ቀይ ሥጋ ብቻ የሚያበላ ሰው ቡችላውን ለአጥንት መሳሳትና መሰበር ያጋልጠዋል።

«እንግዲያው አጥንቱን ላብዛለት» የሚለው ደግሞ ወደ ሌላው ገደል ይወስዳል። በኔዘርላንድ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሄርማን ሃዘዊንከልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመጠን በላይ ካልሲየም የተሰጣቸው የግሬት ዴን ቡችሎች የአጥንት እድገት ተዛብቷል። ለጋ ቡችላ ሰውነቱ ትርፉን ካልሲየም መመለስ ስለማይችል የገባለትን ይወስዳል። የአሜሪካ የመኖ ደረጃም በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ፣ ሲያድግ ከ32 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ቡችላ የሚዘጋጅ መኖ ውኃው ሲነሳ ከመቶ 1.8 እጅ በላይ ካልሲየም እንዳይኖረው ይገድባል። በቤት ውስጥ በዓይን ግምት አጥንት የሚቆርጥ ሰው ይህን ልክ መጠበቁ ያጠራጥራል።

ሌላው የግዙፍ ውሾች ጠላት የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ነው። በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ሲሆን ግሬት ዴን ከሁሉም ዝርያ ይበልጥ ይጠቃል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአደጋው ጋር የተያያዙ ብለው ከዘረዘሯቸው መካከል እየተጣደፉ መብላትና ከፍ ባለ ማቅረቢያ ላይ መብላት ይገኛሉ። ጥሬም ሆነ ደረቅ፣ የቀኑን ድርሻ ከፋፍሎ መስጠት ይመከራል።

ጉበቱና ሳንባው

ጥሬ ሥጋ ከነተሐዋሲው ይመጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በመረመራቸው 196 የጥሬ መኖ ናሙናዎች፣ 15ቱ ሳልሞኔላ፣ 32ቱ ደግሞ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። ውሻው ሳይታመም ተሐዋሲውን ተሸክሞ ሊኖር ይችላል፤ የሚታመመው ዕቃውን የሚያጥበው ወይም ከውሻው ጋር የሚጫወተው ሕፃን ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2012 ያልበሰለ ሥጋ ለውሻ መስጠትን የማይደግፍ አቋም ወስዷል።

ለኢትዮጵያውያን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ኮሶንም ያውቃል። የውሻው ኮሶ ግን ከሰውየው የከፋ ነው። በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት መስሎ የሚታየውን ውሻ ጥሬውን ከበላው፣ በአንጀቱ ውስጥ እጅግ ትንንሽ የኮሶ ትሎች ይፈለፈላሉ። እንቁላላቸው በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅና በምግብ ወደ ሰው አፍ ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ለበዓል ባረዱት በግ ላይ «ይሄ ተበላሽቷል» ተብሎ ለውሻ የሚወረወረው ሳንባ ዑደቱን የሚያስቀጥለው ያ ነው። የሆድ ዕቃ ለውሻ ሲሰጥ በደንብ ተቀቅሎ፣ ውሻውም የኮሶ መድኃኒት በጊዜው እየወሰደ መሆን አለበት። የቅቅል አጥንት ግን አይመከርም፤ የበሰለ አጥንት ስለሚሰነጠቅ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ገበያው የማይሸጠው

ታዲያ ዕድሜ የሚያረዝም ነገር የለም ማለት ነው? አለ። ምስክሩ የመጣውም ካልተጠበቀ ወገን ነው። መኖ ሻጩ ራልስተን ፑሪና 48 የላብራዶር ቡችሎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተለ። ምግባቸው አንድ ዓይነት ደረቅ መኖ ሲሆን፣ ከየጥንዱ አንዱ ከጓደኛው 25 እጅ ያነሰ ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ብዙ የበሉት ግማሾቹ በ11.2 ዓመት ሲሞቱ፣ ጥቂት የበሉት ግን 13 ዓመት ደረሱ። የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ ታየ።

ላብራዶር ግሬት ዴንን አያህልም። ሆኖም ክብደት በመገጣጠሚያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግዙፉ ላይ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። በአንጻሩ ጥሬ ሥጋ የግዙፍ ውሻን ዕድሜ ማስረዘሙን የሚያሳይ እንዲህ ያለ የዕድሜ ልክ ጥናት እስካሁን አልቀረበም። ጥሬ የሚያበሉ ባለቤቶች የሚያዩት ለውጥ፣ ማለትም ያነሰ ዓይነ ምድርና የጸዳ ጥርስ፣ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜ ግን ሌላ ነገር ነው።

ባለሙያዎች የሚሰጡት መለኪያ ምንም ወጪ የለውም። የውሻውን ጎን በመዳፍ ሲዳስሱት ጎድኑ ሳይጫኑ መቆጠር አለበት፤ ከላይ ሲያዩትም ወገቡ ገባ ያለ መሆን ይኖርበታል። ጎድኑ ከጠፋ ድርሻው ይቀነሳል። ይህን ከረጢት ሻጩም ሥጋ ሻጩም አይነግሩም፤ ምክንያቱም ምክሩን የሰማ ደንበኛ በሚቀጥለው ወር የሚገዛው ያነሰ ነው። መኖው ጥሬም ይሁን ደረቅ፣ ባለቤቱ ከሥጋ ቤቱ ሚዛን ፊት ከመቆሙ በፊት ውሻውን ራሱን ሚዛን ላይ ቢያወጣው፣ ኪሱም ውሻውም ይተርፋሉ።