ሟች ከፊት፣ ገዳይ ከኋላ

የእርሻ መድኃኒት ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ የጠርሙሶቹን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ኢንሴክቲሳይድ፣ ኸርቢሳይድ፣ ፈንጊሳይድ የሚሉ ስሞች ያገኛል። ማታ ዜና ሲከፍት ደግሞ ሄግ ላይ ስለሚታይ የጀኖሳይድ ክስ ይሰማል። የአረሙ መድኃኒትና የዓለም አቀፉ ክስ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሲ፣ አይ፣ ዲ፣ ኢ። ሳይድ ሲባል ብዙ ተማሪ ቶሎ ትዝ የሚለው «ጎን» የሚለው ቃል ነው። ያኛው ግን በኤስ የሚጀምር የእንግሊዝኛ የራሱ ነባር ቃል ስለሆነ ከዚህኛው ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

እኛ የምንከተለው ሳይድ የላቲን ልጅ ነው፤ የተገኘውም «ካይዴሬ» ከሚል ግስ ነው። ግሱ መጀመሪያ መቁረጥ፣ መምታት፣ ዛፍ መጣል ማለት ነበር፤ መግደልም በዚያው ውስጥ ይጠቃለላል። እንጨት ቆራጩም፣ መሥዋዕት አራጁም፣ ጠላቱን በሰይፍ የጣለው ወታደርም በዚሁ ግስ ይነገርላቸው ነበር። ግሱ ከፊቱ ሌላ ቃል ሲገጥመው ድምፁ ይቀልና «ካይድ» የነበረው «ኪድ» ይሆናል። ሰው ገዳዩ «ሆሚኪዳ»፣ ድርጊቱ «ሆሚኪዲዩም» ተባለ። ፈረንሳይኛ የሁለቱንም ጫፍ ከርክሞ አንድ ዓይነት አደረጋቸው፤ «ኪ» የነበረውንም ወደ «ሲ» ለወጠው። እንግሊዝኛ የተቀበለው ይህንን የተከረከመውን መልክ ነው።

መከርከሙ ያለ ጣጣ አላለፈም። እኛ ነፍሰ ገዳይንና ነፍስ ግድያን አናምታታም፤ እንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ሁለቱንም ይጠራል። በ1649 የእንግሊዝን ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስን ለሞት ያበቃው ድርጊት ሪጂሳይድ ነው፤ የሞት ፍርዱ ላይ የፈረሙት 59 ሰዎችም በታሪክ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ሪጂሳይድ ይባላሉ። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ «ሪጂሳይዱ ሸሸ» የሚል ዓረፍተ ነገር የገጠመው አንባቢ ግር ሊለው አይገባም፤ የሸሸው ሰውዬው ነው።

የቃሎቹ አሠራር ቀላል ነው። ሟቹ ከፊት ይቆማል፣ ገዳዩ ቅጥያ ከኋላ ይከተላል። ፊት ያለው ሬክስ ከሆነ የሞተው ንጉሥ ነው፤ ማቴር ከሆነ እናት፣ ፍራቴር ከሆነ ወንድም። ኢንፋንቲሳይድ ሕፃን መግደል ሲሆን ከፊቱ ያለው «ኢንፋንስ» በላቲን ገና አፉን ያልፈታ ማለት ነው። ሆሚሳይድ ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሕግ አዋቂዎች ቃሉን የሚጠቀሙበት ሰው በሰው እጅ መሞቱን ለመናገር ብቻ ነው፤ ራሱን ሲከላከል የገደለም ሰው ያደረሰው ሆሚሳይድ ነው። ወንጀል መሆን አለመሆኑ ከዚያ በኋላ የሚጣራ ጉዳይ ነው። ጋዜጦቻችን ቃሉን ሁልጊዜ «የግድያ ወንጀል» እያሉ ሲተረጉሙት ይህ ልዩነት ይጠፋል።

ከጥንቶቹ ሁሉ ታሪኩ የሚከብደው ፓሪሳይድ ነው፤ ወላጅን ወይም የቅርብ ዘመድን መግደል። የመጀመሪያው ክፍል ከየት እንደመጣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ሮማውያን ራሳቸው ግን «ፓቴር»፣ አባት፣ ማለት ነው ብለው ያስቡ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ80 ዓመት ሴክስቱስ ሮስኪዩስ የተባለ የገጠር ሰው አባቱን ገድሏል ተብሎ ሮም ላይ ተከሰሰ። ጠበቃ ሆኖ የቆመለት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ኪኬሮ ነው። የሟቹን ሰፊ ርስት በርካሽ ያጋበሰው የአምባገነኑ የሱላ ባለሟል ስለነበር ደፍሮ ለተከሳሹ የሚናገር አልተገኘም ነበር። ኪኬሮ ደፈረ፣ ረታም፤ ስሙም ከዚያ በኋላ ገነነ።

በዚያ ንግግሩ የአባት ገዳይን ቅጣት ምክንያት ያብራራል። ጥፋተኛው በቆዳ ከረጢት ውስጥ በሕይወቱ ይሰፋና ወንዝ ይጣላል። ሰማይ እንዳያይ፣ መሬት እንዳይነካው፣ ውሃው ውስጥ ሆኖም ውሃ እንዳያጥበው ነው። ሕይወት ከሰጠው ሰው ላይ ሕይወት የነጠቀ፣ ሕይወት ከሚሰጡ ነገሮች ሁሉ ይለይ የሚል አስተሳሰብ ነው። ከዘመናት በኋላ በ533 የወጣው የንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ የሕግ መማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ከሰውዬው ጋር ውሻ፣ አውራ ዶሮ፣ እባብና ጦጣ አብረው እንዲሰፉ ይደነግጋል። የእንስሳቱን ምርጫ በተመለከተ የተሰጡትን ማብራሪያዎች ሁሉ አንብቤ አንዱም አላረካኝም። የአቴናው ሕግ አውጪ ሶሎን ግን ለዚህ ወንጀል ጭራሽ ቅጣት አልጻፈም ይባላል፤ የሚያደርገው ሰው ይገኛል ብሎ አላሰበማ!

ሱሳይድ፣ ራስን ማጥፋት፣ የጥንት ሮማዊ ቢሰማው የማያውቀው ቃል ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን «ሱዪ»፣ የራስ፣ ከሚለው ተውላጠ ስም የተበጀ ነው። በዚያው ዘመን የነበረው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኤድዋርድ ፊሊፕስ ቃሉን አምርሮ ጠላው። «ሱስ» በላቲን አሳማ ስለሆነ ይህ ራስን ከመግደል ይልቅ እሪያ መግደል ይመስላል ሲል አፌዘበት። ቃሉ ግን ከነትችቱ ጸና።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳይንስ ቅጥያውን ከችሎት አውጥቶ ወደ ማሳ ወሰደው። ፊት የሚቆመው ሟች ሰው መሆኑ ቀረና ነፍሳት፣ ሣርና አረም፣ ፈንገስ፣ አይጥ ሆነ። እኛ ግን ስንተረጉም ገዳይ አላልንም፤ ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም፣ ፀረ ፈንገስ አልን። ፀረ ተቃዋሚ ነው፤ የላቲኑ ቅጥያ የሚናገረውን ገዳይነት ያለሰልሰዋል። ጠርሙሱን ከምግብ ዕቃ አጠገብ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ የላቲኑ ግልጽነት ሳይሻል አይቀርም ባይ ነኝ። አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሬቸል ካርሰን በ1962 ሳይለንት ስፕሪንግ በተባለው መጽሐፏ በዚሁ ቅጥያ ላይ ተከራክራለች። ዲዲቲንና መሰሎቹን ኢንሴክቲሳይድ ማለት ማታለል ነው፣ የሚገድሉት ነፍሳትን ብቻ ስላልሆነ ባዮሳይድ፣ የሕይወት ገዳይ፣ ሊባሉ ይገባል አለች። ዲዲቲ በአገራችንም ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተረጨው ያው ኬሚካል ነው።

ከሁሉም ግን ዓለምን የለወጠው ቃል ጀኖሳይድ ነው፤ ፈጣሪውም ዘመኑም በትክክል ይታወቃሉ። ራፋኤል ሌምኪን በ1900 የተወለደ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ የሕግ ባለሙያ ነበር። ናዚዎች ፖላንድን ሲወሩ አምልጦ በስዊድን በኩል በ1941 አሜሪካ ገባ። ወላጆቹን ጨምሮ ብዙ ዘመዶቹ በእልቂቱ አለቁ። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በሬዲዮ ሲናገር፣ እየተፈጸመ ያለው ወንጀል ስም እንኳ እንደሌለው ጠቅሶ ነበር። ሌምኪን በ1944 ባሳተመው፣ የአክሲስ ኃይሎች (ናዚ ጀርመንና ተባባሪዎቿ) በያዟት አውሮፓ ስለሚፈጽሙት አገዛዝ በሚያትት መጽሐፉ ስሙን ሰጠው። ከግሪክ «ጌኖስ» ወሰደ፤ ዘር፣ ነገድ፣ ወገን ማለት ነው። ከላቲን ደግሞ የታወቀውን ቅጥያ ጨመረበት። የግሪክና የላቲን ድብልቅ መሆኑ ለቋንቋ ጠንቃቆች አይጥምም። ሌምኪን በግርጌ ማስታወሻ ላይ ኤትኖሳይድ የሚል አማራጭም አቅርቦ ነበር፤ የተያዘለት ግን የመጀመሪያው ነው።

በቀጣዩ ዓመት ቃሉ የኑረምበርግ ክስ ውስጥ ገባ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስምምነቱን አጸደቀ፤ ሌምኪን በየኮሪደሩ ዲፕሎማቶችን እየያዘ ሲወተውት የኖረበት ጉዳይ ነው። ስምምነቱን በሕጓ ተቀብላ ያጸደቀች የመጀመሪያዋ አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ሐምሌ 1 ቀን 1949። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ አይደለም። ከዚያም በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በአንቀጽ 281 ከስምምነቱ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ስምምነቱ የሚጠብቀው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የሚታወቁ ቡድኖችን ሲሆን፣ የእኛ ሕግ የፖለቲካ ቡድንንም ጨመረ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ባልደረቦቻቸው ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ አንቀጽ ነው። ቀይ ሽብር የገደለው በፖለቲካ አቋማቸው የተፈረጁ ሰዎችን ነበርና «ዘር ማጥፋት» የሚለው የአማርኛ ስያሜ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ዘርን ብቻ ይጠራላ። የግሪኩ ጌኖስም ቢሆን ፖለቲካን አይጨምርም። ሕጉ ቃሉን ከራሱ ትርጉም በላይ ለጥጦታል፤ መለጠጡም ተገቢ ነበር የሚል እምነት አለኝ።

ቅጥያው ዛሬም አዲስ ቃል ይወልዳል። በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ኤጀንት ኦሬንጅ በተባለ ፀረ አረም የደን ቅጠል ሲያራግፍ፣ የዬል ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ አርተር ጋልስተን በ1970 ድርጊቱን ኢኮሳይድ ብሎ ጠራው። ጋልስተን በወጣትነቱ የአኩሪ አተርን አበባ የሚያፈጥን ኬሚካል ሲያጠና፣ መጠኑ ሲበዛ ቅጠል እንደሚያረግፍ አስተውሎ ስለነበር ጉዳዩ ከእግር እሳት በላይ ያቃጥለው ነበር። በመስከረም 2024 ቫኑዋቱ፣ ፊጂና ሳሞአ ኢኮሳይድ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር እንዲገባ ጥያቄ አቅርበዋል።

አንባቢ ግን በሳይድ ያለቀውን ሁሉ እንደ ግድያ እንዳይቆጥር መጠንቀቅ አለበት። ዲሳይድ፣ መወሰን፣ ከዚያው ከካይዴሬ የተወለደ ነው፤ ትርጉሙም ቆርጦ መለየት ነው። እኛም «ለመሄድ ቆርጫለሁ»፣ «ቁርጡን ንገረኝ» የምንለው ያለ ማንም ትምህርት ነው። ፕሪሳይስ ከፊቱ የተቆረጠ፣ ኮንሳይስ ተቆራርጦ ያጠረ ነው። ሲዘርስ፣ መቀስ፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ተጠርቦ የተሰባበረ ድንጋይን ሮማውያን «ካይሜንቱም» ይሉት ነበር፤ ጣሊያኖች ቼሜንቶ አሉት፣ እኛም ሲሚንቶ ብለን ቤት ሠራንበት።

ሌላ ወጥመድም አለ። ላቲን «ካዴሬ» የሚል፣ መውደቅ ማለት የሆነ ሌላ ግስ ነበረው፤ ሲጣመር እሱም «ኪድ» ይሆናል። ኮኢንሳይድ፣ መገጣጠም፣ የመጣው ከዚህኛው ነው፤ ሁለት ነገር አንድ ቦታ አብሮ ወደቀ ማለት ነው። አክሲደንትም እንዲሁ በሰው ላይ የወደቀ ነገር ነው። ሮማውያን «ኦኪዶ» ሲሉ «ኪ»ን ካስረዘሙ እገድላለሁ፣ ካሳጠሩ እወድቃለሁ ማለታቸው ነበር፤ ፀሐይ የምትወድቅበት ምዕራብ ኦክሲደንት የተባለው በአጭሩ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ርዝመት በጽሑፍ ስለማያሳይ መለያው ፊት ለፊት የቆመው ክፍል ነው። እዚያ የሰው፣ የእንስሳ፣ የሣር ወይም የወገን ስም ካለ የሞተ አለ ማለት ነው። ዲ፣ ኮን ወይም ኢን የሚል ትንሽ መስተዋድድ ከሆነ ግን ምንም የሞተ የለም።