ስለ ዕቃ ሥሪት አገር

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው፥ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። ይህ መድፍ ዛሬ በጉምሩክ በር ቢያልፍ የየት አገር ዕቃ ይባል ነበር? ዋነኞቹ ሠሪዎች የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ነሐሱም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው እንበል። ነገር ግን ቀልጦ መድፍ የሆነው በጋፋት ነው። የሥሪት አገር ደንብ የሚባለው ለዚህ ዓይነት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሕግ ነው፤ የሠሪውን ዜግነት ሳይሆን ዕቃው ጠባዩን የለወጠበትን ስፍራ ይመረምራል።

የነፃ ንግድ ውል የተዋዋሉ አገሮች ቀረጥ የሚያነሡት አንዱ ለሌላው ዕቃ ብቻ ነው። ደንቡ ባይኖር የሌላ አገር ዕቃ ቀረጡ በቀለለው በር ገብቶ፥ ስሙን ለውጦ ይሻገር ነበር። ስለዚህ ደንቡ ያስፈልጋል፤ ግን በነፃ አይገኝም።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ውል መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ተፈረመ። አገራችን በ2011 ዓ.ም. አጸደቀችው፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያም በዚሁ ውል ዕቃ መላክ ጀመረች። በፋርጣ ደጋ የተቆፈረ ድንች ወይም ከቀፎ የተቆረጠ ማር ሁለንተናው የዚሁ አገር ነውና ክርክር የለበትም። ክርክሩ የሚነሣው ጥሬ ዕቃው ከውጭ ሲመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ እጅግ ላላደጉ አገሮች፥ ከጦር መሣሪያ በቀር፥ ቀረጥ ቢያነሣም፥ ሸሚዙ ብቻ ሳይሆን ጨርቁም በላኪው አገር እንዲሸመን ይጠይቅ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ግን ደንቡን አላልቶ፥ ስፌቱ ይበቃል አለ።

ዕቃው ደንቡን ቢያሟላም እንኳ ማስረጃ ይፈለጋል፤ ደረሰኝ መያዝ፥ ሒሳብ መለየት፥ ምስክር ወረቀት ማስፈረም አለ። ኤፍታ ስለሚባለው የአውሮፓ ነፃ ንግድ ማኅበር በ1970ዎቹ የወጣ አንድ ጥናት፥ ይህ ድካም ከዕቃው ዋጋ ከ3 እስከ 5 በመቶ እንደሚደርስ ገምቷል። ስለዚህም ከንግዱ ሩብ ያህሉ፥ መብት እያለው፥ ቀረጡን ይከፍል ነበር። ነጋዴዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ቀረጡ 3፥ ወረቀቱ 5 በመቶ የሚያስወጣ ከሆነ ማን ወረቀት ይለምናል?

ወረቀቱ ለትልቅም ለትንሽም ጭነት ያው አንድ ነው። አንድ የደብረ ታቦር ነጋዴ ለማስፈረም ሲመላለስ 4,000 ብር አወጣ እንበል። ጭነቱ 1 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ ወጪው ከመቶ ግማሽ አይሞላም፤ 40,000 ብር የሚያወጣ ማር ከሆነ ግን ከመቶ 10 ነው። የአፍሪካው ውል ይህን አስቦ፥ ዋጋው ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር ለማይበልጥ ጭነት ላኪው ራሱ በደረሰኙ ላይ የሥሪት አገሩን እንዲያረጋግጥ ፈቅዷል።

እንግዲህ በጠረጴዛ ዙሪያ የምትሠሩ ሁሉ፥ አንድ ባለማር ምስክር ወረቀት ሊለምን ወደ እናንተ ሲመጣ፥ ነገ ተመለስ ከማለታችሁ በፊት የጭነቱን ዋጋ ጠይቁት።