መቶ ሜትር የሚያስት ካርታ

ጎፋ ውስጥ ቤት የምንጠቁመው «ከገብርኤል ዝቅ ብሎ» እያልን ነው፤ ጂፒኤስ ግን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይጠይቃል። የአካባቢውን መንገዶች ከአሮጌ የወረቀት ካርታ ገልብጬ መሣሪያው ላይ ስጭን፣ መስመሮቹ በሙሉ ከቦታቸው ተንሸራተው አገኘኋቸው። ምክንያቱ ዳተም፣ ማለትም የልኬት መነሻ ሥርዓት ነው። ነባር ካርታዎቻችን በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። አንዱ ቁጥር በሁለቱ ሥርዓቶች ከ100 ሜትር በላይ የተራራቁ ነጥቦችን ያመለክታል። ስለዚህ ካርታ የሚያዘጋጅ ሰው መንገድ ከመሣሉ በፊት ዳተሙን ይለውጥ፤ ቀጥሎም መሣሪያውን ይዞ በእግሩ እየሄደ፣ የተመዘገበውን ፈለግ ከሣለው መስመር ጋር ያመሳክር። ታማሚ ለሚፈልግ አምቡላንስ 100 ሜትር ሌላ ሰፈር ነው።