አቪዬሽንን በርቀት መማር፤ የሚባለውና እውነታው

ከቢሾፍቱ እስከ አዳማ፣ ከሞጆም ወደ ደቡብ ታጥፎ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የርቀት ትምህርት፣ ማለትም ተማሪው ሞጁል እያነበበ ወይም በኢንተርኔት እየተከታተለ ለማጠናከሪያ ትምህርትና ለፈተና ብቻ ወደ ማዕከል የሚሄድበት ሥርዓት፣ እንግዳ ነገር አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛውም መምህሩም ከሥራው ሳይነሣ ዲግሪ የሚይዝበት መንገድ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው ሪፍት ቫሊ ዩኒቨርሲቲም የተመሠረተው በአዳማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የሚገነባውን አዲስ ኤርፖርት ንድፍ ለማሠራት ዳር አል ሃንዳሳህ ከተባለው አማካሪ ድርጅት ጋር ሲዋዋል፣ ኤርፖርቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኞችን እንደሚያስተናግድ አስታውቆ ስለነበር፣ በእነዚህ ከተሞች የአቪዬሽን ትምህርት ወሬ ቢደራ የሚያስገርም አይሆንም። ወሬው ግን እርስ በርሳቸው የሚጣሉ እምነቶችን ይዞ ይዞራል።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያስከትለው፣ ከአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ በርቀት የተገኘ ዲግሪ አብራሪ ወይም የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ያደርጋል የሚለው ነው። ስሕተቱ የሚመነጨው ሁለት ወረቀቶችን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። ዲግሪ አንድ ተማሪ የተወሰነ የትምህርት ዘርፍ ማጠናቀቁን የሚመሰክር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ተቋማት ይህን ትምህርት እንዲሰጡ ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የሙያ ፈቃድ፣ በተለምዶ ላይሰንስ የሚባለው፣ ባለቤቱ አውሮፕላን እንዲያበርር ወይም ጠግኖ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ እንዲፈርም የሚያስችል ሲሆን የሚወጣው ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የፈቃዱ ዝቅተኛ መስፈርት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመውና ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ የሆነችበት የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። በስምምነቱ የመጀመሪያ አባሪ መሠረት ለንግድ በረራ አብራሪነት የሚያመለክት ሰው 200 የበረራ ሰዓት፣ ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ተከታታይ ሥልጠና ካጠናቀቀ ደግሞ 150 ሰዓት ሊኖረው ይገባል፤ የጤና ምርመራውም የሚፈጸመው ለዚህ ሥራ በተመደበ ሐኪም ፊት ነው። የጥገና ባለሙያም የ4 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ የታወቀ ሥልጠና ለወሰደ ወደ 2 ዓመት ዝቅ ይላል። ከእነዚህ ሰዓታትና ዓመታት በሞጁል የሚተካ አንድም የለም።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው አቪዬሽን ፈጽሞ በርቀት የማይሰጥ ትምህርት ነው ይላሉ፤ የዘርፉ ታሪክ ግን ይህንንም አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተውና በአሜሪካ ከታወቁት የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ኤምብሪ ሪድል ከዋና ግቢው ውጭ ማስተማር የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የሄሊኮፕተር አብራሪዎች በሚሠለጥኑበት የአላባማው ፎርት ራከር የጦር ሠፈር ነበር። እዚያ የነበሩት ተማሪዎች ማብረሩን የሚያውቁ፣ ዲግሪ ግን የሌላቸው፣ የሥራቸው ጠባይም ግቢ ተቀምጠው እንዲማሩ የማይፈቅድላቸው ወታደሮች ነበሩ፤ ትምህርቱ ወደ እነርሱ ሄደ፣ ውሎ አድሮም ወደ ብዙ የጦር ሠፈሮችና ከተሞች ተዛምቶ በመጨረሻ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሰፊ ክፍል ሆነ። እንግዲህ የአቪዬሽን የርቀት ትምህርት ያደገው ጀማሪን ከቤቱ ወደ አብራሪ ክፍል በማስገባት አይደለም፤ በሃንጋርና በአብራሪ ክፍል ውስጥ ላለው ሰው የጎደለውን፣ ማለትም የአመራር፣ የሕግ፣ የደኅንነት አያያዝና የሎጂስቲክስ ዕውቀት በማድረስ ነው።

ለአብራሪዎች የሚሰጠው የንድፈ ሐሳብ ትምህርት እንኳ፣ የአየር ጠባይ፣ የበረራ ሕግና የአቅጣጫ ስሌትን ጨምሮ፣ በከፊል በርቀት ሊሰጥ ይችላል። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደንብ ይህን ሲፈቅድ ከጠቅላላው የትምህርት ጊዜ ቢያንስ 10 በመቶው በክፍል ውስጥ ከአስተማሪ ጋር እንዲሆን ያስገድዳል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ቢሾፍቱ ከፎርት ራከር ጋር የምትመሳሰልበት ነገር አለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የተመሩ አሠልጣኞች የኢትዮጵያን አየር ኃይል አብራሪዎች ማስተማር ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ከተማዋ ከአውሮፕላን ጋር የሚኖሩ ባለሙያዎች መኖሪያ ናት። የአቪዬሽን የርቀት ትምህርት በስምጥ ሸለቆ ቢስፋፋ ቀዳሚ ተጠቃሚዎቹ እነዚህና ወደፊት በአቡሴራ የሚቀጠሩት ይሆናሉ እንጂ፣ ማስታወቂያ የሚያማልላቸው 12ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች አይሆኑም።

የርቀት ትምህርት የኮሮና ወረርሽኝ ልጅ ነው የሚለው አባባል ብዙ ሐተታ አይፈልግም፤ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በፖስታ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው።

በርቀት የተያዘ ዲግሪ ዋጋ የለውም፣ መንግሥትም ከልክሎታል የሚለው ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ የጥራት ጉድለትን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን በእርግጥ አግዶ ነበር፤ እገዳው በ2003 ዓ.ም. በቅድመ ሁኔታዎች ቢነሣም፣ ስለ መታገዱ የተወራው ስለ መነሣቱ ከተወራው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ በመደበኛም በማታም በርቀትም ቢማር አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ስለሆነ፣ ቢያንስ በዚህ መለኪያ ልዩነት የለም። ልዩነቱ ያለው በዕውቅናው ላይ ነው። ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ ዘዴ በተናጠል በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ ለመደበኛ ትምህርት የተገኘ ዕውቅና አዳማ ላይ ለሚሰጥ የርቀት ትምህርት አያገለግልም፤ አመልካቹ ከመመዝገቡ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው።