አሮጌ ጠመንጃ በስሜን፦ ቅርስ ነው ወይስ ሸቀጥ?

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ቡይት ራስ የሚወጣ የውጭ አገር ጎብኚ ሁለት ነገሮች ዓይኑን ይስቡታል። አንደኛው ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚነጨው የጭላዳ መንጋ ነው። ሁለተኛው ከጎኑ የሚራመደው ስካውት በትከሻው ያነገተው ጠመንጃ ነው። ጭላዳውን ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ስለ ጠመንጃው ግን ጥያቄ ያበዛል። የት ተሠራ? ስንት ዓመት ሆነው? ይሸጣል?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ሳቢያ የዚህ ዓይነቱ እንግዳ ቁጥር እጅጉን ቀንሷል። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ከእንግዳው ጋር አልሄደም። ለነጋዴውም፣ ለደላላውም፣ ከአያቱ የወረሰውን መሣሪያ ከምሰሶው ላይ ሰቅሎ ለሚኖረው ባላገርም ዛሬም ያለ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ የጦር መሣሪያ መሰብሰብ የራሱ ካታሎግ፣ የራሱ ገማችና የራሱ ጨረታ ያለው የደራ ንግድ ነው። የኢትዮጵያ ስም ያለበት ዕቃ ደግሞ በዚያ ገበያ ፈላጊ አለው።

ስሜን እንዴት የመሣሪያ አገር ሆነ?

ታሪኩ ሩቅ ነው። በ1534 ዓ.ም. ገደማ የክርስቶፎሮ ዳ ጋማ ጦር በግራኝ አሕመድ ከተመታ በኋላ፣ የተረፉት ፖርቱጋሎች ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር የተጠጉት ወደ ስሜን ተራሮች ነበር። አጼ ገላውዴዎስ እዚያው ደርሰውባቸው ጦሩ እንደገና ተደራጀ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ግራኝን የጣለው ጥይት የወጣው ከእነዚሁ ሰዎች ነፍጥ ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ስሜንንና ትግራይን አጣምረው የገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ወደ ምጽዋ የሚወስደውን መንገድ በመያዛቸው ከዘመኑ መሳፍንት ሁሉ የተሻለ የጠመንጃ ክምችት ነበራቸው። ይሁን እንጂ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ተሸነፉ። ካሣም በዚያው በደረስጌ ማርያም አጼ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የውቤ ግምጃ ቤትም ለአሸናፊው ሆነ።

ሌላው ትልቅ ምንጭ የጣሊያን ወረራ ነው። ከደባርቅ በስተሰሜን ያለውን የወልቀፊትን በር ይዞ የመሸገው የጣሊያን ጦር፣ በአካባቢው አርበኞች ተከብቦ ከቆየ በኋላ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ለእንግሊዝ እጁን ሰጠ። ቁጥሩ ከቅኝ ግዛት ወታደሮቹ ጋር ሦስት ሺህ ያህል ነበር። እንዲህ ያለ ጦር ሲፈታ መሣሪያው ሁሉ ወደ መንግሥት መጋዘን እንደማይገባ ለማንም ግልጽ ነው።

ስሙ አሠራሩን ይናገራል

ሰብሳቢ ዋጋ የሚሰጠው ለዕድሜ ብቻ አይደለም። መሣሪያው በአሠራር ታሪክ ውስጥ የያዘውን ቦታም ይመለከታል። የእኛ አገር ሰው ይህን ከካታሎግ ሳይሆን ከስሙ ያውቀዋል።

ቀዳሚው በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ እየተጠቀጠቀበት፣ በተለኮሰ ክር የሚተኮሰው ነፍጥ ነው። ዝናብ ከጣለ ከዱላ አይሻልም። ቀጥሎ የመጣው ስናድር ነው። አሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር የእንግሊዝን የአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ ከኋላው ቆርጦ ወደ ጎን የምትከፈት ትንሽ በር ገጠመለት። ጥይቱ በዚያች በር ይገባል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት የያዘው ይህንኑ ነበር። የቴዎድሮስን ጦር እሮጌ ሜዳ ላይ የፈጀውም የአጎራረሱ ፍጥነት ነው።

ረሚንግተን ወደ አገራችን በብዛት የገባው በምርኮ ነው። በ1868 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራ የግብጽን ጦር ሲመቱ፣ ግብጾች የታጠቁት ወደ ኋላ በሚንከባለል ብረት የሚዘጋውን ይህንኑ የአሜሪካ ሥራ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ በአገራችን ስም ያተረፈው ግን ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» የሚሉት ሲሆን፣ በ1874 እ.ኤ.አ. ባዚል ግራ የተባለ መኮንን ቀድሞ የነበረውን የወረቀት ቀለህ ጠመንጃ ለናስ ቀለህ እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው። አፉ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ጎራሽ ነው፤ ብዙ የሚሰበር ነገር የለውም። የጣሊያኑ ቬተርሊ በበኩሉ 10.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በኋላ አራት እንዲጎርስ ተደርጓል። በአድዋ የጣሊያን ወታደሮች በአብዛኛው የያዙት እሱን ስለነበር ከምርኮው ዋነኛው ሆነ።

በ1886 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን ሲያወጡ የቀድሞው ሁሉ በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። አውሮፓ የጣለውን ውጅግራ በርካሽ የገዛው የቀይ ባሕር ነጋዴ ነው። ከዚያ በኋላ በባለ አምስት ጥይት ማቀፊያ የሚጎርሰው የኦስትሪያ ምንሽር፣ ስድስት የሚጎርሰው 6.5 ሚሊ ሜትር የጣሊያን ካርካኖ፣ በመጨረሻም በልጅግ ተከታተሉ። በልጅግ ቤልጅየም ኸርስታል በሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ ሞዘር ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ታዞ የመጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምልክት የተቀረጸበት በመሆኑ፣ ዛሬ ሰብሳቢ በመጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ማህተም ነው።

ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

ጠመንጃ በኢትዮጵያ ከጥንትም የገበያ ዕቃ ነበር። የውጅግራ ጥይት በብዙ ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል። ጠገራ ብር ለትልቁ ግዢ፣ ጥይቷ ለትንሹ ነበረች።

የንግዱን አደጋም የሚያሳይ ታሪክ አለ። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ገባ። ሸሪኩ ላባቱ ጉዞው ሳይጀመር ሞቶበታል። እንጦጦ ሲደርስ ንጉሡ ዋጋውን ቀነሱ፤ የሟቹም አበዳሪዎች ከየአቅጣጫው መጡ። ለቀረው ክፍያ ወደ ሐረር ተላከ። ራምቦ ከሰርኩ ብሎ ጽፏል። የገዢውን ፍላጎት ሳያጠና ዕቃ የጫነ ነጋዴ ዕጣው ይኸው ነው።

ትርፉ ማን እጅ ይገባል?

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ በጅምላ የተገዛ አሮጌ መሣሪያ በአሜሪካ አስመጪዎች በኩል ለሰብሳቢዎች ቀርቧል። ውጅግራም፣ ቬተርሊም፣ ካርካኖም፣ በልጅግም ነበረበት። በዚያ አገር ሕግ ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ግዢው ይቀላል። በጅምላ የተገዛው እዚያ ሲደርስ አንድ በአንድ፣ ታሪኩ እየተነገረለት፣ በመቶዎች ዶላር ይቸረቸራል። ዋጋ የጨመረው ብረቱ አይደለም፤ ታሪኩ ነው። ታሪኩ ግን የእኛ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ባላገር የተሰነጠቀ ሰደፍን በጥሬ ቆዳ ይጠፍራል፤ በሽቦም ያስራል። ተራ ገማች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ይቀንሳል። አዋቂ ሰብሳቢ ግን መሣሪያው በእርግጥ በኢትዮጵያ ደጋ መኖሩን የሚመሰክረው ያ ቆዳ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ «ላሳምረው» ብሎ ቆዳውን የፈታ፣ ብረቱን በአሸዋ ወረቀት የፈገፈገ፣ ሰደፉን በአዲስ የለወጠ ሰው የዕቃውን ዋጋ በገዛ እጁ ጥሎታል።

ታሪክ ከዋጋ ግምት ምን ያህል እንደሚርቅ በ2024 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኒውካስል ታይቷል። ከመቅደላ የተዘረፈ ጋሻ ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ተገምቶ ለጨረታ ቀረበ። ከኢትዮጵያ በኩል ተቃውሞ ሲነሳ ከጨረታው ወጣ፤ በኋላም ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ ተገኘለት። ለአጫራቹ የሺህ ፓውንድ ዕቃ የነበረው ለባለቤቱ አገር ዋጋ የማይወጣለት ሆነ።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገር ውስጥ ግን በዚህ ዕቃ የሚነግድ ሰው ሁለት አዋጆች ይጠብቁታል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» ማለት ኬላ ላይ አያድንም። በዚህ ወቅት በዚያ መንገድ ጠመንጃ ጭኖ የተያዘ ደላላ የሚጠየቀው ስለ ቅርስ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ የዚህ ገጽ ምክር ግልጽ ነው። ከመንደር እየለቀሙ በድብቅ መሸጥ ንግድ አይደለም፤ ኪሳራውን በሌላ ላይ የሚጥል ቁማር ነው። ገንዘብ ያለው ባለሀብት በስሜን ሌላ መንገድ አለው። ሰላም ሲመለስ ጎብኚው መመለሱ አይቀርም። ያን ጊዜ በደባርቅ ከተማ በሕግ የተመዘገበ፣ መተኮሻው የተነቀለለት፣ ከነፍጥ እስከ በልጅግ በተራ የተደረደረ አንድ አዳራሽ ቢኖር፣ እንግዳው ወደ ቡይት ራስ ከመውጣቱ በፊት የመግቢያ ይከፍላል። ባለ መሣሪያው ቤተሰብም ዕቃውን ሳይሸጥ ከገቢው ድርሻ ያገኛል። አንድ ጊዜ የሚሸጥ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ያበላል፤ የሚታይ ጠመንጃ ግን በየዓመቱ ያበላል።

በስሜን ደጋ ለጠመንጃው ዋጋ የጠራችሁለት ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው በጥያቄ ነው፦ አባቴ የሞተበትን በስንት ልሽጠው? ነጋዴ ይህን መልስ ሲሰማ ዋጋ ለማስወደድ የተባለ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ገዢው ሳያውቅ ሻጩ የሚያውቀው ዋጋ ስላለ ነው። ይህን ዋጋ ሳናሰላ ለጥቂት ዶላር ብለን የምንሸኘው ከሆነ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን እንሆናለን።