የባቡር ማደሪያ የነበረችው የአዋሽ ጣቢያ

በመንዝና በግሼ ደጋ የምድር ባቡር ጣቢያ የለም። ነገር ግን የጓሳ ምድር ውሃው በሁለት የሚከፈልበት ስፍራ ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ከዓባይ፥ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው በቆላው ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጻችን የመረጥነው ነገር በዚሁ ወንዝ አጠገብ ስለ ተቈረቈረችው ስለ ትንሿ የአዋሽ ከተማና ስለ ባቡር ጣቢያዋ ነው። የደጋው አንባቢ «ይህ እኛን ምን ይመለከተናል» እንዳይለን፥ አስቀድመን የአንኮበርን መንገድ እናስታውሰዋለን።

ባቡር ሳይመጣ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚመጣ ነጋዴ ከታጁራ ወይም ከዘይላ ተነሥቶ፥ ጭነቱን በግመል አድርጎ የአፋርን በረሃ ያቋርጥና አዋሽን ተሻግሮ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ነበር። መንገዱ ከአንድ ወር የሚበልጥ ነበርና የደከመው ሲራራ ነጋዴ በዚያ ያርፍ፥ ጨውና ጨርቁንም በዚያ ይሸጥ ነበር። ለእንግዳ ማደሪያ የሚሰጠው፥ እንጀራ የምትጋግረው፥ ጠላ የምትጠምቀው ሁሉ ከዚህ ጥቅም ያገኙ ነበር።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተዠምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ ስላነሰው ከሰረ፤ ሐዲዱም ለብዙ ጊዜ በዚያው ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለና በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ጊዜ የሲራራው ነጋዴ ግመሉን ትቶ ወደ ባቡር ሄደ፤ የአልዩ አምባም ገበያ የቀድሞ ክብሩ ቀረበት።

አልዩ አምባ ያጣችውን አዋሽ አገኘች። ይህም ስለ ምን ነው ቢባል፥ በቀድሞው ዘመን የመንገደኛ ባቡር በሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ ሰው የመዠመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ወንዙ በዚያ በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚሄድ ታላቅ የብረት ድልድይ ተሠራ፤ በድልድዩም አቅራቢያ ጣቢያው፥ የሠራተኞቹ ቤትና የመንገደኛ ማደሪያው ቆሙ። እንዲህ ሆኖ በዱር መካከል ከተማ በቀለ።

ማደሪያው ቡፌ ዳዋሽ ይባላል። ከጣቢያው ፊት ለፊት በአትክልትና በጥላ ተከብቦ፥ መሳፍንቱም፥ የውጭ አገር መልእክተኞችም፥ ነጋዴውም በየማዕረጋቸው ያድሩበት ነበር። እመቤቶች አንባቢዎቻችን እንዲያስቡልን የምንሻው ግን በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ገበታ ብቻ አይደለም። ባቡሩ ሲያፏጭ እየሮጡ በፉርጎው መስኮት ሥር የሚቆሙትን ሴቶች ነው። አንዷ የተቀቀለ እንቁላል በቅርጫት፥ አንዷ ዳቦና ብርቱካን ይዛ ትቀርባለች፤ የአፋርና የከረዩ ሴቶችም ወተት ያመጣሉ። ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ ሒሳቡ በፍጥነት ይደረጋል፤ መልሱን ሳይቀበል የተወሰደ መንገደኛም አይጠፋም። ስለ ጣቢያ የተጻፈ ታሪክ ሁሉ መሐንዲሱን ያመሰግናል፤ እኛ ግን ከተማይቱን ያቆማት የእነዚህ ሴቶች ድካም ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

መከራም አልተለያትም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ሲሸሹ ድልድዩን አፈረሱት። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ዘመን በመንገዱ ላይ ያሉ ድልድዮች ተሰበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን በጥር 1977 ዓ.ም. የሆነው ነው፤ በአዋሽ አጠገብ ባቡሩ በጠማማው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ስለ ገባ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ፥ ከ400 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

የጣቢያውን ኑሮ ቀስ በቀስ ያደከመው ግን አደጋ አይደለም፤ የአስፋልት መንገድ ነው። ጭነቱ ወደ መኪና ሄደ፥ ሐዲዱም አረጀ፤ በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው አሮጌው ባቡር ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ ባቡር የራሱ ጣቢያ አለው፤ መንገደኛም በአዋሽ ማደር አያስፈልገውም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር ደጋግማ ስለ ተንቀጠቀጠች ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው ነበር። ቀድሞ እንግዳ ታሳድር የነበረች አገር፥ ልጆቿ ማደሪያ ፈላጊ ሆኑ።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርስ፥ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የባቡር መንገድ በቱርክ ኩባንያ ተዠመረ። ይህ መንገድ ከመንዝ ገደል በታች በቆላው ያልፋል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። ባቡሩ በዚያ መንገደኛ ማመላለስ ሲዠምር የመንዝ ሴት የፈተለችው ባናና ዝተት በአህያ እስከ ቆላው ጣቢያ መውረዱ አይቀርም፤ በፉርጎው መስኮት ሥር ቆማ ዋጋ የምትቈርጠውም ያን ጊዜ የእኛው አገር ሴት ትሆናለች።