"5 ሰው ብቻ አምጣ" ሲሏችሁ ሒሳቡን አብረን እንስራው

#ጥንቃቄ #ትምህርት

"3,000 ብር ከፍለህ ግባ። 5 ሰው ብቻ አምጣ፣ በእያንዳንዱ ሰው 1,000 ብር ኮሚሽን ታገኛለህ። እነሱም 5፣ 5 ሰው ያመጣሉ።"

ይህን የመሰለ መልዕክት በቴሌግራም ወይ በጓደኛ በኩል የደረሳችሁ ጥቂት አትሆኑም። ሲሰሙት ቀላል ነው፤ 5 ሰው ማን ያጣል?

ነገሩ የት እንደሚደርስ የሚያሳየን ግን ብዙዎቻችን 12ኛ ክፍል ላይ ለፈተና ብቻ ሸምድደን ያለፍነው የሲኩዌንስና ሲሪስ ምዕራፍ ነው። ዛሬ አብረን እንስራው፤ ለተፈታኞችም ክለሳ ይሆናል።

👉 መጀመሪያ አንድ ጥያቄ

ተከታታይ ቁጥሮች ሲሰጧችሁ ፎርሙላ ከመፈለጋችሁ በፊት "ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የምንሻገረው በመደመር ነው ወይስ በማባዛት?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁሌ እኩል ቁጥር የሚደመር ወይም የሚቀነስ ከሆነ አርቲሜቲክ ነው። ሁሌ በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚባዛ ከሆነ ጂኦሜትሪክ ነው።

👉 አርቲሜቲክ

አንዲት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት 50 ብር ቆጠበች፤ ከዚያ በየሳምንቱ 10 ብር እየጨመረች ቀጠለች እንበል። በ52ኛው ሳምንት ስንት ታስቀምጣለች?

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። 10 ብሩ የሚጨመረው 52 ጊዜ ሳይሆን 51 ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ገና ምንም አልተጨመረም።

50 + 51 × 10 = 560 ብር

የዓመቱ ድምርስ? አንድ በአንድ መደመር አያስፈልግም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሳምንት ደምሩ፦ 50 + 560 = 610። ሁለተኛውንና ከመጨረሻው ሁለተኛውን ደምሩ፦ 60 + 550፣ አሁንም 610። እንዲህ እያልን 52ቱን ሳምንት ስናጣምር 26 ጥንድ ይኖረናል።

26 × 610 = 15,860 ብር

የድምር ፎርሙላው ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም።

👉 ጂኦሜትሪክ

አሁን ወደ "5 ሰው አምጣ" እንመለስ። እዚህ በእያንዳንዱ ረድፍ የሰው ቁጥር በ5 ይባዛል።

▪️ 1ኛ ረድፍ፦ 1
▪️ 2ኛ ረድፍ፦ 5
▪️ 3ኛ ረድፍ፦ 25
▪️ 4ኛ ረድፍ፦ 125
▪️ 5ኛ ረድፍ፦ 625
▪️ 6ኛ ረድፍ፦ 3,125
▪️ 7ኛ ረድፍ፦ 15,625

7ኛው ረድፍ ላይ 5 የሚባዛው 6 ጊዜ ነው፤ ያው የ"አንድ ይቀነስ" ነገር ነው። 13ኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ 244,140,625 ሰው ያስፈልጋል። ይህ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ጨዋታው የሆነ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም።

7ኛው ረድፍ ላይ ቆመ እንበል። በጠቅላላ ስንት ሰው ገብቷል?

ድምሩን በ5 አባዙት። ከ5 እስከ 78,125 ያለው ድምር ይሆናል። ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ድምር ስትቀንሱ መሃል ያሉት ሁሉ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው 78,125 - 1 = 78,124 ነው። ይህ የድምሩ 4 እጥፍ ስለሆነ ለ4 እናካፍለዋለን፦ 19,531 ሰው።

ከ19,531 ሰው ውስጥ 15,625ቱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ከ100 ሰው 80ው ማለት ነው!

እነዚህ ሰዎች ማንንም አላመጡም፤ ስለዚህ አንድም ብር አልተመለሰላቸውም። የከፈሉት 15,625 × 3,000 = 46,875,000 ብር ነው። ከዚህ 15,625,000 ብሩ ለ6ኛው ረድፍ ኮሚሽን ሆኖ ይሄዳል፤ 31,250,000 ብሩ አዘጋጁ ጋ ይቀራል።

ሰባተኛው ላይ ሳይሆን አስረኛው ረድፍ ላይ ቢቆምስ? ድርሻው ያው ነው፤ ከ100 ወደ 80 የሚጠጋው ይከስራል። አዘጋጁ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ቢሆን እንኳ ውጤቱ አይለወጥም፤ ሒሳቡ ራሱ እንደዚያ ነው የተሰራው።

👉 "ጓደኛዬ ግን ብር ወስዷል"

ልክ ነው፣ ወስዶ ሊሆን ይችላል። 6ኛው ረድፍ ላይ ያለ ሰው 3,000 ከፍሎ 5,000 ያገኛል። ግን ያ ብር ከትርፍ የመጣ አይደለም፤ ከስሩ ከገቡት 5 ሰዎች ኪስ የወጣ ነው። እናንተም ብታገኙ የሚከስሩት እናንተን አምነው የገቡት ወንድማችሁ፣ የሰፈር ልጅ ወይ የዶርም ጓደኛችሁ ናቸው።

ዕቁብ ግን እንዲህ አይደለም። 20 ሰው በየወሩ 1,000 ብር ቢጥል ለእያንዳንዱ በተራው 20,000 ይደርሰዋል። ዙሩ እንዲሞላ አዲስ ሰው አያስፈልግም።

በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሏል።

ስለዚህ ቀጣዩ መልዕክት ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ "ብሩ የሚመጣው ከሚሸጥ ነገር ነው ወይስ ከአዲስ ገቢ ሰው?" ከአዲስ ገቢ ሰው ከሆነ መልሱን ከላይ ሰርተነዋል።

✍️ ራሳችሁን ፈትኑ፦ እያንዳንዱ ሰው 2 ሰው ብቻ ቢያመጣ 10ኛው ረድፍ ላይ ስንት ሰው ይኖራል? ጠቅላላውስ?

መልስ፦ 512 ሰው፤ ጠቅላላው 1,023። "2 ሰው ብቻ" ሲባልም ግማሹ ይከስራል።

ለምታስቡለት ሰው አጋሩት።